የማይጠየቀው ገንዘብ

በቢቸና ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ የምናገረው ስለ ገንዘብ ነው። አካል ጉዳት ያለበት ወጣት የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ ቢቸና ወይም ሞጣ ከተመለሰ በኋላ ትምህርቴን ልቀጥል ቢል ወጪውን ማን ይችልለታል? ስለ ጽናትና ስለ ተስፋ በየመድረኩ ሲነገራችሁ አድጋችኋል፤ እኔ አልደግመውም። ነጭ በትር ይዞ ወይም በክራንች ተደግፎ ከገጠር ቀበሌ ወደ ወረዳ ከተማ እየተመላለሰ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ጽናትን ከማንም አይማርም። ማወቅ የሚያስፈልገው የትኛው ገንዘብ በማን እጅ እንዳለ፣ በምን ደብዳቤ እንደሚጠየቅና መቼ እንደሚጠየቅ ነው።

ነገሬን አስቀድሜ ላስቀምጥ። የአካል ጉዳተኛ ተማሪ ወጪ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ማንኛውም ተማሪ ያለበት ወጪ ነው፤ የትምህርት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ ቀለብ። ሁለተኛው ጉዳቱ የሚያስከትለው ወጪ ነው፤ የአንባቢ፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ የረዳት፣ የመሣሪያ፣ ሌላው በእግሩ በሚሄድበት ለታክሲ የሚከፈል ገንዘብ። ሦስተኛው ገና ከቤት ሳይወጣ የሚያልቀው መነሻ ነው፤ ትራንስክሪፕት ማስወጫ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ፓስፖርት፣ አዲስ አበባ መመላለሻ። ስኮላርሺፕ ፈላጊ ሁሉ የሚሯሯጠው ለመጀመሪያው ነው። ብዙ ጎበዝ ልጆቻችንን ከመንገድ ያስቀሯቸው ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው። ሁለቱም ባለቤት አላቸው፤ ባለቤታቸውን አውቆ የሚጠይቃቸው ሰው ነው የጠፋው።

በዚህ አገር ስለ ትምህርት ወጪ ሲነሳ ጉባኤ ቤቱን መዝለል አይቻልም። ከቢቸና የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ለዘመናት የቅኔ ተማሪ ሲጎርፍበት የኖረ ደብር ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስና በደብረ ወርቅ፣ በዲማም ተምረዋል። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከአባቱ ቤት ሲወጣ የያዘው ስንቅ ለጥቂት ቀን ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ የሚያኖረው አገሬው ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ ሲቆም ቁራሽ ይሰጠዋል፤ ተማሪ ነውና ማንም አይንቀውም። የመጀመሪያው ወጪ የሚሸፈነው እንዲህ ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሁለተኛው ወጪ የተሸፈነበት መንገድ ነው። ዓይነ ስውር ተማሪ በጉባኤ ቤት ቦታ ነበረው። ትምህርቱ በቃል ስለሚሰጥ ቅኔውን በጆሮው ይሰማል፣ በቃሉ ይይዛል፣ በአንደበቱ ይዘርፋል። መንገድ የሚመራው የጎጆ ጓደኛው ነው፤ ቁራሹን አብረው ለምነው አብረው ይበሉታል። ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል ወንበር ተክለው ያስተማሩ፣ «የኔታ» ተብለው የተከበሩ ዓይነ ስውራን መምህራን ወጥተዋል። ጓደኛው ደመወዝ ባይቆረጥለትም የሚሠራው ሥራ ነበር። በጉባኤ ቤቱ ሥርዓት ውስጥ ዓይነ ስውሩን የሚመራ ሰው መኖር አለበት፤ ይህን ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አይከራከርበትም።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ የመጀመሪያውን ወጪ መንግሥት ወሰደው። መኝታና ቀለቡን ዩኒቨርሲቲው ሰጠ፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተማሪው ተመርቆ ሲሠራ ድርሻውን የሚከፍልበት የወጪ መጋራት ሥርዓት መጣ። ሁለተኛው ወጪ ግን ለጓደኛ እንደተተወ ቀረ። በመጀመሪያ ዲግሪ ይህ እንደምንም ያስኬዳል። ዶርም ውስጥ ብዙ ሆነው ስለሚያድሩ አንዱ ማስታወሻ ያነብለታል፣ አንዱ ካፌ ይወስደዋል፣ ፈተና ሲደርስ ሌላው ጮክ ብሎ ያጠናለታል። ማስተርስ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። የክፍል ጓደኞቹ ባለሥራና ባለትዳር ናቸው፤ ማታ፣ ቅዳሜና እሑድ ወይም በክረምት መጥተው፣ ተምረው፣ ወደየቤታቸው ይበተናሉ። የሚነበበውም ከአጭር ሃንድአውት አልፎ በየሳምንቱ የሚቆለል የጆርናል ጽሑፍ ይሆናል። ያን ሁሉ ዓመት በጓደኛ ትከሻ ላይ የኖረው ወጪ የዚያን ጊዜ ድንገት ይገለጣል። በመጀመሪያ ዲግሪው ማዕረግ ያገኘ ልጅ በማስተርሱ የመጀመሪያ ሴሚስተር ሲደክም ሰው «ከበደው» ይለዋል። የሚያነብለት ሰው ስላጣ ነው የደከመው። ይህን ልዩነት ራሱ ተማሪው እንኳ ሳይረዳው አቋርጦ የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ እኔን የሚያሳዝነኝም ይህ ነው።

የግብጹን ጣሃ ሑሴንን ታሪክ እዚህ ላይ ላንሳ። ከእኛ ጉባኤ ቤት ልጆች ታሪክ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1889 በግብጽ ገጠር ተወለዱ፤ በሕፃንነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጡ፤ ቁርኣንን በመንደራቸው በቃል አጥንተው ካይሮ፣ አል አዝሃር ገቡ። ከዚያም አዲስ ከተከፈተው የግብጽ ዩኒቨርሲቲ በ1914 ዶክትሬት ተቀበሉ፤ ከዩኒቨርሲቲው በዚህ ማዕረግ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ወጪያቸውን ችሎ ፈረንሳይ ላካቸው። በማግሥቱ ዓመት ካዝናው ሲጎድል የላካቸውን ተማሪዎች ጠራ፤ እሳቸውም አገራቸው ገቡ፤ ገንዘቡ ሲገኝ ተመልሰው ሄዱና በሶርቦን ሌላ ዶክትሬት ያዙ። ፈረንሳይ ውስጥ መጽሐፍ ታነብላቸው የነበረችው ሱዛን በኋላ ባለቤታቸው ሆናለች። እ.ኤ.አ. በ1950 የአገራቸው የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። እኚህ ሰው የትምህርት ክፍያቸው ተሟልቶ አንባቢ ባይኖራቸው ኖሮ ሶርቦን ምን ያደርግላቸው ነበር? ስኮላርሺፑ በር ይከፍታል፤ ገብቶ ለመማር አንባቢው ያስፈልጋል።

ከእኛው ክልል ደግሞ ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ አሉ። ወሎ ውስጥ፣ ሳይንት ተወልደው በአምስት ዓመታቸው ዓይነ ስውር ሆኑ። ያ ጉዳት በአካባቢያቸው በሴት ልጅ ላይ ይደርስ ከነበረው ያለ ዕድሜ ጋብቻ እንዳዳናቸው ራሳቸው ተናግረዋል። ሻሸመኔ በሚገኘው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ጀምረው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው፣ በሶሻል ወርክ ሁለተኛ ዲግሪ ይዘው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። እዚህ ያላችሁ ሴት ልጆች የእሳቸውን ስም እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። የሳይንት ገጠር ከእኛዎቹ ከእነማይና ከሁለት እጁ እነሴ ወረዳዎች ገጠር የተሻለ አልነበረም።

ሁለተኛውን ወጪ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ላይ የያዘ ትልቅ ፕሮግራም በክልላችን ጎንደር ላይ ተሠርቷል። በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ለ10 ዓመት የሚዘልቅ ሥራ ጀመረ። የተመደበለት ገንዘብ 24 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ዕቅዱ 450 ወጣቶች በጎንደር በመጀመሪያና በሁለተኛ ዲግሪ እንዲማሩ፣ 60 የዩኒቨርሲቲው መምህራን ደግሞ ኩዊንስ ሄደው የድህረ ምረቃ ትምህርት እንዲከታተሉ ነው። ከወጣቶቹ ቅድሚያ የተሰጠው ለአካል ጉዳተኞችና ከግጭት አካባቢ ለመጡ ነው። በአገራችን ያልነበረው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርትም በዚሁ ትብብር ተከፈተ። ሰው ጉዳቱን ይዞ ልብሱን እንዴት እንደሚለብስ፣ ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ፣ ክፍሉ እንዴት እንደሚመቻችለት የሚያጠና ሙያ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርስ ፕሮግራም አለው፤ አካል ጉዳተኞችም ከሚፈለጉት አመልካቾች መካከል ናቸው።

የጎንደሩ ሥራ የተወጠነበት 10 ዓመት ወደ ማለቂያው ነው። ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ከጎንደር የሚወስዱት ትምህርት አለ ብዬ አምናለሁ። የውጭ ድርጅት እስኪመጣ መጠበቅ ሳያስፈልግ የአንባቢና የአስተርጓሚ ክፍያን በራሳቸው ዓመታዊ በጀት ውስጥ በአንድ መስመር ማስገባት ይችላሉ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን የመደገፍ ኃላፊነት በተቋማቱ ላይ ጥሏል፤ ስለዚህ ስትጠይቁ ውለታ እየጠየቃችሁ አይደለም።

ሕግ ካነሳሁ አይቀር፣ ለእናንተ ለመንግሥት ሠራተኞች አንድ አዋጅ በደንብ ላስረዳ። በምሥራቅ ጎጃም የመጀመሪያ ዲግሪ ከያዙት አካል ጉዳተኞች ብዙዎቹ መምህራን ናችሁ። ለመምህር ቀላሉ የማስተርስ መንገድ መሥሪያ ቤቱ ስፖንሰር ሆኖት በክረምት ወይም በመደበኛው ፕሮግራም መማር ነው፤ ስፖንሰር ከሌለ በግል መክፈል ይመጣል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ስለ ቅጥር ብቻ የሚናገር ይመስላቸዋል ብዙ ሰዎች። አዋጁ ግን መስፈርቱን ያሟላና በውድድሩ ያለፈ አካል ጉዳተኛ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር በሚሰጥ ሥልጠና ያለ አድልዎ የመሳተፍ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አሠሪው የሥራና የሥልጠና ሁኔታውን ምቹ የማድረግ፣ አካል ጉዳተኛው ሥራውን እንዲሠራ ወይም ሥልጠናውን እንዲከታተል ረዳት የመመደብ ኃላፊነት አለበት። ረዳት የሚለው ቃል ሕጉ ውስጥ ተጽፏል። የስፖንሰር ደብዳቤ ስትጠይቁ በዚያው ማመልከቻ ላይ የአዋጁን ቁጥር ጽፋችሁ ረዳት እንዲመደብላችሁ ጠይቁ። በጀት የለም የሚል መልስ ቢመጣ መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ለምኑ። በጽሑፍ የተሰጠ እምቢታ ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ዝግጅት ማስረጃ ይሆናል፤ በቃል የተነገረ ግን ከቢሮው በር አያልፍም። ከዚህ በላይ የሚሄድ ነገር ቢያስፈልግ፣ አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 ከፍተኛ ትምህርትን በስም ይጠራል።

ወደ ውጭ አገር ዕድሎች ልሻገር። ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም አልዘረዝርም። ሁለተኛውን ወጪ የት እንደሚከፍሉ ግልጽ የሆኑትን ብቻ እናገራለሁ።

የጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት፣ ዳድ፣ ለስኮላርሺፕ ተማሪዎቹ፣ ከአካል ጉዳት ወይም ከሥር ሰደድ ሕመም የሚመጣውንና በሌላ ወገን የማይሸፈነውን ተጨማሪ ወጪ እስከ 10,000 ዩሮ ይደግፋል። ከዳድ ፕሮግራሞች ለእኛ አገር ምሩቅ የሚስማማው ለልማት በሚጠቅሙ ሙያዎች ላይ የሚሰጠው ነው፤ ቢያንስ 2 ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ የመጨረሻው ዲግሪ ከተያዘ ግን ከ6 ዓመት በላይ ማለፍ የለበትም። ስለዚህ እዚህ ያላችሁ ወጣት መምህራን «ትንሽ ልቆይ» አትበሉ። የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ሙንዱስ ማስተርስ ለኑሮ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፤ ከዚህ ሌላ የአካል ጉዳት ላለበት ተማሪ እንደ ፍላጎቱ ከ3,000 እስከ 60,000 ዩሮ የሚደርስ ድጎማ አለው። ድጎማው ለሰው እርዳታ፣ ለመሣሪያና ለሥራ ቦታ ማመቻቻ፣ ለተጨማሪ መጓጓዣ የሚውል ነው። 60,000 ዩሮ ማለት የተማሪው የሁለት ዓመት የኑሮ አበል ተደምሮ ከሚመጣው ይበልጣል። ይህ ገንዘብ እያለ ተማሪው ሳይጠይቀው ሲቀር ማንም ቤቱ ድረስ አያመጣለትም።

የብሪታንያው ቼቭኒንግ ስኮላርሺፕ ለአንድ ዓመት ማስተርስ ነው። 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሁለት ዓመት ያስተማረ ሰው ያሟላዋል። ማመልከቻው ነሐሴ አካባቢ ተከፍቶ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። ስለ ሁለተኛው ወጪ በብሪታንያና በአሜሪካ ደግሞ ይህን ልጨምር። በብሪታንያ የ2010 የእኩልነት ሕግ፣ በአሜሪካ የ1973 የመልሶ ማቋቋሚያ ሕግና የ1990 የአካል ጉዳተኞች ሕግ ዩኒቨርሲቲዎችን ያስገድዳሉ። ተማሪው የየትም አገር ዜጋ ቢሆን የፈተና ሰዓት ማራዘም፣ መጻሕፍትን በሚነበብ መልክ ማቅረብ፣ አስተርጓሚ ማምጣት የዩኒቨርሲቲው ግዴታ ነው። የእንግሊዝ ተማሪ ከመንግሥት የሚያገኘው የአካል ጉዳተኛ አበል ግን ከውጭ ለመጣ ተማሪ አይሰጥም፤ ሁለቱን እንዳታቀላቅሉ። ከአበሉ ብትቀሩም ዩኒቨርሲቲው ያለበት ግዴታ አይቀርም።

አሁን የምነግራችሁ የደከምኩበት ጉዳይ ነው፤ ጥያቄው እንዴት ይጻፋል? «አካል ጉዳተኛ ስለሆንኩ ተጨማሪ ድጋፍ ይደረግልኝ» የሚል ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ይህን አንብቦ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚመድብ የሚያውቅ ኮሚቴ የለም። በሞጣ ታሪክ የምታስተምር ዓይነ ስውር መምህርት አለች እንበል። የምትጽፈው እንዲህ ነው። ለንባብ የስክሪን አንባቢ ሶፍትዌር እጠቀማለሁ፤ ጃውስ በክፍያ ነው፣ ኤንቪዲኤ ግን በነፃ ይገኛል፤ ስለዚህ ኤንቪዲኤ ይበቃኛል፤ የሚያስፈልገኝ ጥሩ ላፕቶፕና የብሬል ማሳያ ነው። በምስል መልክ የተቃኙ አሮጌ ሰነዶችን ሶፍትዌሩ በደንብ ማንበብ ስለማይችል በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት የሚያነብ ሰው ያስፈልገኛል። ወደ አዲስ ከተማ ስገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመኝታዬ እስከ ክፍሌ ያለውን መንገድ የሚያለማምደኝ ሰው ያስፈልገኛል። እያንዳንዱ መስመር ዋጋ ይኖረዋል። እንዲህ ስትጽፍ የሚያስፈልጋትን የምታውቅ ባለሙያ መሆኗ ይታያል። ነፃውን ሶፍትዌር መምረጧም ለሌላው ጥያቄዋ እምነት ያስገኝላታል።

መስማት የተሳነው አመልካች ሌላ ጥንቃቄ አለበት። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ከአሜሪካውም ከብሪታንያውም ይለያል። «አስተርጓሚ ይመደብልኝ» ብሎ ብቻ ቢጽፍ የሚመደብለት ሰው የሚያወራውን ላይረዳው ይችላል። ንግግሩን ወዲያው በጽሑፍ የሚያወጣ ሰው ወይም መሣሪያ መጠየቅ፣ ከትምህርቱ በፊትም የአገሩን ምልክት ቋንቋ የሚማርበት ጊዜ እንዲሰጠው ማመልከት አለበት። ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ስለ መኝታው ርቀት፣ ስለ ሊፍት፣ ስለ መለዋወጫ ጎማና ባትሪ ይጽፋል።

የሐኪም ማስረጃም እንዲሁ ነው። ከቢቸናም ሆነ ከሞጣ ሆስፒታል የሚወጣ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የሕመሙን ስም ጽፎ ማኅተም ያርፍበታል። የበሽታው ስም ለገንዘብ ሰጪው ብዙ አይነግረውም። «ታካሚው የታተመ ጽሑፍ ማንበብ አይችልም፤ በድምፅ ወይም በብሬል መቅረብ አለበት» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዲጨመር ሐኪሙን በትሕትና ጠይቁ፤ በእንግሊዝኛ እንዲጻፍም። እዚህ የተገኛችሁ የጤና ባለሙያዎች፣ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከእናንተ ብዕር ብትወጣ ለልጁ የሺህ ዩሮ ዋጋ አላት።

ጉዳቴን ብገልጽ ይጥሉኛል የሚል ፍርሃት እንዳለ አውቃለሁ። ፍርሃቱን አልንቀውም፤ ከሕይወት የመጣ ነው። እኔ የምመክረው ግን አትደብቁት ነው። ለምርጫው የምትጽፉት ስለ ትምህርታችሁና ስለ ሥራችሁ ነው፤ ጉዳቱን የምታነሱት ሥራችሁን ለማስረዳት ሲጠቅም ነው። ዝርዝሩ፣ ዋጋውና የሐኪሙ ወረቀት ተዘጋጅቶ ይቀመጥና ተመርጣችኋል የሚለው ደብዳቤ በደረሰ ማግሥት ይላካል። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ የተጠየቀ አስተርጓሚ ሴሚስተሩ ሲጋመስ ነው የሚመጣው።

የቀረው ሦስተኛው ወጪ፣ መነሻው ነው። እዚህ ላይ ወላጆችንና የዕድር ዳኞችን አነጋግራለሁ። መጠኑ ከትምህርቱ ወጪ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ለመምህር ደመወዝ ግን ትልቅ ነው። የወጪ መጋራት ዕዳ ካልተዘጋ ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት እንደልብ አይወጣም። የእንግሊዝኛ ፈተናው በውጭ ምንዛሪ ዋጋ የሚታሰብ ነው፤ አዲስ አበባ ሄዶ መፈተን አለ፤ ዓይነ ስውር ከሆነ ደግሞ ከሚመራው ሰው ጋር ሁለት ትኬት፣ ሁለት ማደሪያ ነው። አይኤልትስ የተባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና በብሬል ወይም በትልልቅ ፊደል ለመፈተን 3 ወር ያህል ቀድሞ ማስታወቅ ያስፈልጋል። በኅዳር የሚዘጋ ማመልከቻ ያለው ሰው ክረምቱ ሳይወጣ ይህን ካላስታወቀ ፈተናው አይደርስለትም። ዩኒቨርሲቲያችሁ በእንግሊዝኛ ማስተማሩን የሚገልጽ ደብዳቤ የሚቀበሉ ፕሮግራሞችም ስላሉ፣ ለፈተናው ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በቆየው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስንት ማመልከቻ ቀኑ እንዳለፈበት እናንተ ታውቃላችሁ። መፍትሔው ምሉዕ ባይሆንም አለ። ድርሰቱን አስቀድማችሁ በስልክም በላፕቶፕም ጻፉት፤ ሰነዶቻችሁን ስካን አድርጋችሁ አዲስ አበባ ላለ የምታምኑት ዘመድ አስቀምጡ፤ መስመር ሲገኝ የመጨረሻውን ቀን ሳትጠብቁ ላኩ። ከቀነ ገደቡ በፊት ለፕሮግራሙ አስተባባሪ የአካባቢያችሁን ሁኔታ በሁለት መስመር መጻፍም ነውር የለበትም።

የዕድር ዳኞች፣ የሰንበቴና የማኅበር አባቶች፤ ዕድራችን ለሞት ይደርሳል፣ እግዜር ይስጠው። የቅኔ ተማሪን በቁራሽ ያስተማረ ሕዝብ ግን ለአንዲት አካል ጉዳተኛ ልጅ የፓስፖርትና የፈተና ገንዘብ ማዋጣት አያቅተውም። ብድርም ይሁን ስጦታ በቃለ ጉባኤ ይወሰን። ልጅቱ ከሄደች በኋላ ከአበሏ ልትመልሰው ትችላለች፤ የተመለሰው ደግሞ ለቀጣዩ ልጅ ይቀመጣል። ውጭ አገር ያሉ የቢቸናና የሞጣ ልጆችም ከሁሉ በላይ ማዋጣት የሚችሉት ለዚህ ነው፤ የፈተናውን ክፍያ በካርዳቸው እዚያው ሆነው መክፈል ይችላሉ።

እናቶች፣ «ማን ይዟት ይሄዳል፣ ማን ያይላታል» የምትሉትን እሰማለሁ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ከላይ በጠቀስኩት የረዳት መስመር ውስጥ አለ። ልጃችሁ በእንግሊዝኛ የምትጽፈውን ዝርዝር ቁጭ ብላችሁ በአማርኛ አስነብቧት፤ ማለዳ ከመኝታዋ እስከ ክፍሏ ማን እንደሚሸኛት ካልተጻፈ፣ ደብዳቤው አላለቀምና እንድትጨምርበት ንገሯት።

ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ለማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። አካል ጉዳተኛ ምሩቃንን የሚመዘግብ፣ የማመልከቻ ቀኖችን የሚከታተልና የድጋፍ ደብዳቤ በፍጥነት የሚያወጣ አንድ ሠራተኛ በየወረዳችሁ በስም ይወከል። አዲስ ቅጥር አልጠየቅኩም፤ ካሉት አንዱ ይህን ሥራ ተብሎ ይሰጠው። ስሙ እስከ ሐምሌ ቢታወቅ፣ የነሐሴው ማመልከቻ ሲከፈት ልጆቹ የት እንደሚሄዱ ያውቃሉ። እኔ ከዚህ ስብሰባ በኋላ እዚሁ እቆያለሁ፤ ዲግሪያችሁን ወይም ጊዜያዊ ማስረጃውን (ቴምፖውን) ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፣ የወጪ ዝርዝራችሁን አብረን እንጀምረው።